ጋርፊልድን የገደለው ሰው ምን ፈልጎ ነበር?

በሥልጣን ላይ እያሉ በጥይት የተገደሉ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች አራት ናቸው። ሊንከን በ1865፣ ጋርፊልድ በ1881፣ ማኪንሊ በ1901፣ ኬኔዲ በ1963። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሊንከንንና ኬኔዲን እኛም አገር የማያውቅ የለም። ኬኔዲማ ከመሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ጃንሆይን በዋሽንግተን ተቀብሎ ነበር፤ ጃንሆይም ተመልሰው ለቀብሩ ሄደዋል። ስለ ጋርፊልድ ግን የሚያነሳ ሰው ብዙም አይገጥመኝም። እኔን ከአራቱ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የእሱ አሟሟት ነው።

የሌሎቹን ገዳዮች ምክንያት ባጭሩ መናገር ይቻላል። ሊንከንን የገደለው ቡዝ የደቡቡን ወገን በእርስ በርሱ ጦርነት መሸነፍ መቀበል ያቃተው ተዋናይ ነበር። የማኪንሊ ገዳይ ቾልጎሽ መንግሥት የሚባል ነገር ይጥፋ የሚል አናርኪስት ነበር። ኬኔዲን ገደለ የተባለው ኦስዋልድ ከሁለት ቀን በኋላ እሱም ስለተገደለ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላባራም። የጋርፊልድ ገዳይ ቻርለስ ጊቶ ግን ምክንያቱን አልደበቀም። ደብዳቤ ጽፏል። ለጋዜጠኛ አውርቷል። ፍርድ ቤት ውስጥ ዝም በል እየተባለ እንኳ ሲናገር ከርሟል።

ያም ሆኖ "ለምን ገደለው?" ሲባል ሁለት አጫጭር መልሶች ይሰጣሉ። አንዱ "ሥራ ሲከለክሉት ተናዶ ነው" ይላል። ሌላው "እብድ ስለነበረ ነው" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ለየብቻቸው ሲቆሙ አይበቁም። ለምን እንደማይበቁ ለማየት መጀመሪያ ሥራ በዚያ ዘመን እንዴት ይገኝ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ደጅ ጥናት በዋሽንግተን

የአሜሪካ መንግሥት በዚያን ጊዜ 100 ሺህ ገደማ ሲቪል ሠራተኞች ነበሩት። የፖስታ ቤት ኃላፊው፣ የጉምሩክ ፈታሹ፣ የቢሮ ጸሐፊው፣ ውጭ አገር የሚላከው ቆንስል፣ አብዛኞቹ ቦታቸውን ያገኙት በፈተና ተወዳድረው አልነበረም። በምርጫ ላሸነፈው ፓርቲ ስለለፉ ነው። በ1832 ዊልያም ማርሲ የሚባል የኒው ዮርክ ሴናተር "ምርኮው የድል አድራጊው ነው" ብሎ በሸንጎ ተናግሯል። ነገሩ የሚያሳፍር ሆኖ አልታየውም። ፕሬዚዳንት ሲቀየር ሹም ሽሩ እስከ ታች ይወርዳል። የተሾመውም ከደመወዙ ቆርጦ ለፓርቲው ያዋጣል። በዚያ መዋጮ የሚቀጥለው ምርጫ ይካሄዳል።

ስለዚህ አዲስ ፕሬዚዳንት በገባ ቁጥር ዋሽንግተን በደጅ ጠኚ ትጥለቀለቅ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ማልዶ ከጌታው ደጅ መድረስ፣ እጅ መንሳት፣ ዓይን ውስጥ ለመግባት መሞከር፣ "ነገ ና" ሲባል ነገም መምጣት። ይህን እኛ እናውቀዋለን። ኋይት ሀውስም ያኔ እንዲሁ ነበር። በሩ ክፍት ነው። ማንም ሰው ገብቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ፕሬዚዳንቱን ፊት ለፊት ማነጋገር ይችላል። ሊንከን ከተገደለ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ ግን ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ እንኳ አልተመደበም። ጋርፊልድ ራሱ ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ፣ ከነፍሰ ገዳይ መጠንቀቅ ከመብረቅ እንደመጠንቀቅ ነው፣ ስለ ሁለቱም መጨነቅ አይበጅም ብሎ ነበር።

ጋርፊልድ ሰው የሚወደው ዓይነት ሰው ነበር። በ1831 ኦሃዮ ውስጥ በግንድ በተሠራ ጎጆ ተወለደ። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። እናቱ በችግር አሳደገችው። በቦይ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎችን የሚጎትቱ በቅሎዎችን ነድቷል። ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት እየሠራ ተማረ። በኋላ መምህር፣ ሰባኪ፣ በእርስ በርሱ ጦርነት ጄኔራል፣ ከዚያም የምክር ቤት አባል ሆነ። የፓይታጎረስን ቀመር በራሱ መንገድ አረጋግጦ በ1876 አሳትሟል። እንዲህ ያለ ፖለቲከኛ ዛሬም ብርቅ ነው።

ፕሬዚዳንት ለመሆን ግን አልተወዳደረም። በ1880 ቺካጎ በተደረገው የሪፐብሊካን ጉባኤ ላይ የሄደው የሌላ ሰው ደጋፊ ሆኖ ነው። ፓርቲው ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። "ስታልዋርት" ማለትም ጽኑዎቹ የሚባለው ወገን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ግራንትን መልሶ ማምጣት ይፈልጋል፤ መሪው የኒው ዮርኩ ሴናተር ሮስኮ ኮንክሊንግ ነው። ሌላው ወገን ጄምስ ብሌንን ይላል። ድምፅ ቢሰጥ ቢሰጥ የሚያሸንፍ ጠፋ። በ36ኛው ዙር ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል ተብሎ ጋርፊልድ ተመረጠ። የተሸነፉትን ለማባበል ደግሞ የኮንክሊንግ ሰው የሆነው ቼስተር አርተር ምክትል ተደረገ። ይህን አርተር አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጊቶ

ቻርለስ ጊቶ በ1841 ኢሊኖይ ውስጥ ተወለደ። እናቱን በሰባት ዓመቱ አጣ። አባቱ ጆን ሃምፍሪ ኖይስ ለሚባል ሰባኪ ልቡን የሰጠ ሰው ነበር። ኖይስ ኒው ዮርክ ውስጥ ኦናይዳ የሚባል ማኅበር መሥርቷል፤ ንብረትም ጋብቻም የጋራ የሆነበት የሃይማኖት ማኅበር ነው። ጊቶ በ1860 እዚያ ገብቶ ለዓመታት ኖረ። አልተወደደም። ሴቶቹ በስሙ እየቀለዱ "ጊት አውት" (በእንግሊዝኛ "ውጣ ከዚህ" እንደማለት ነው) የሚል ቅጽል አወጡለት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። የሃይማኖት ጋዜጣ ሊያቋቁም ሞክሮ ከሸፈ። ጠበቃ ሆነ፤ ዕዳ ያስመልስና ገንዘቡን ራሱ ያስቀራል። ሚስቱን ይደበድብ ነበር፤ ቁምሳጥን ውስጥ እስከመቆለፍ ደርሷል። በ1874 ተፋቱ። በየከተማው እየዞረ ሰበከ፤ ያሳተመውም መጽሐፍ አብዛኛው ከኖይስ የተገለበጠ ነው። ካረፈበት ቤት ሳይከፍል ሹልክ ይላል። በእያንዳንዱ ውድቀት መሐል ግን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ እግዚአብሔር ለታላቅ ሥራ መርጦኛል የሚለው እምነቱ። በ1880 የተሳፈረበት መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭቶ ብዙ ሰው ሞቶ እሱ ሲተርፍ፣ ለምክንያት ነው የተረፍኩት አለ።

በዚያው ዓመት ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ለግራንት የጻፈውን የምርጫ ንግግር፣ ጋርፊልድ ሲመረጥ ስሙን ቀይሮ የጋርፊልድ አደረገው። ንግግሩን በሰው ፊት ያሰማው ቢበዛ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ያውም በቅጡ ሳይጨርስ። አሳትሞ ግን አደለው። ጋርፊልድ በመላ አገሪቱ ከ10 ሺህ ባነሰ የሕዝብ ድምፅ ብልጫ ሲያሸንፍ፣ ያቺ ንግግር ናት ያሸነፈችው ብሎ ደመደመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። "ንግግሬ ፕሬዚዳንት አስመረጠ" ማለት በሽታ ነው። "ለፓርቲው ሠርቻለሁና ሹመት ይገባኛል" ማለት ግን በሽታ አይደለም። በዚያ ዓመት ዋሽንግተን የገባው ደጅ ጠኚ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። የጊቶ ሕመም ያረፈው በአገሩ የታወቀ ወግ ላይ ነው። ለዚያም ነው ለብዙ ጊዜ ማንም ያላስተዋለው። በኋይት ሀውስ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ካሉት አንዱ ብቻ ይመስል ነበር።

አምስት ቀን በሜይ

ጋርፊልድ ሥልጣን የያዘው ማርች 4 ቀን 1881 ነው። ጊቶ በማግስቱ ዋሽንግተን ገባ። መጀመሪያ የቪየና፣ ቀጥሎ የፓሪስ ቆንስልነት ፈለገ። አንድ ቀን ጋርፊልድ ዘንድ ገብቶ የታተመውን ንግግሩን ሰጠው፤ ላዩ ላይ "የፓሪስ ቆንስልነት" ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ኋይት ሀውስና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይመላለሳል። በደረቅ ብርድ ካፖርት እንኳ የለውም፤ ልብሱ ነትቧል። በኋይት ሀውስ ወረቀት ደብዳቤ ይጽፋል። ደህና መልስ የሚሰጠው የለም፤ ቁርጡን የሚነግረውም የለም።

ከዚያ ሜይ መጣ። በ13ኛው ቀን ኋይት ሀውስ ዳግመኛ እንዳይገባ ተከለከለ። በ14ኛው ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብሌን ትዕግሥቱ አልቆ፣ በሕይወት እስካለህ ስለ ፓሪስ ቆንስልነት እንዳታነሳብኝ አለው። በ16ኛው ቀን ደግሞ ኮንክሊንግ ከሴናተርነቱ በቁጣ ለቀቀ።

የኮንክሊንግ ቁጣ የመጣው ከጉምሩክ ነው። የኒው ዮርክ ወደብ ጉምሩክ የአገሪቱን የቀረጥ ገቢ ትልቁን ድርሻ ይሰበስብ ነበር። የዚያ ወደብ የጉምሩክ ሹም፣ በእኛ የድሮ አጠራር ነጋድራስ ልንለው እንችላለን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥራዎችን ያድላል። አርተርም አንድ ጊዜ በዚያ ቦታ ላይ ነበር። ጋርፊልድ ያን ቦታ ኮንክሊንግን ሳያማክር ለኮንክሊንግ ተቃዋሚ ሰጠው። ጥያቄው የአንድ ሹመት ብቻ አልነበረም። የሚሾመው ማን ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ወይስ የየክፍለ ግዛቱ የፓርቲ አለቃ? ጋርፊልድ አልተንበረከከም። ኮንክሊንግ ለቀቀ፤ ጋዜጦቹም ፓርቲው ሊፈርስ ነው፣ አገር ሊጠፋ ነው አሉ።

ጊቶ ጋዜጣ አንባቢ ነው። በ18ኛው ቀን ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሳለ፣ እንደ ራሱ አባባል፣ ፕሬዚዳንቱ ቢነሳ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል የሚል ሐሳብ ብልጭ አለለት።

ቃሉን ልብ በሉ። "መግደል" አላለም። የተጠቀመበት ቃል ሹም ከቦታው ሲነሳ የሚባለው ነው። ማንሳት። መቆጣጠር የማይችለውን የሹም ሽር ዓለም በራሱ እጅ አንድ ጊዜ ሊሽር ፈለገ። ጋርፊልድ ይነሳል፣ አርተር ይገባል፣ ስታልዋርቶቹ ይመለሳሉ፣ ያመሰግኑኛል፣ ይሾሙኛል። በዚያች አምስት ቀን ውስጥ የግሉ ውርደትና የፓርቲው ጠብ አንድ ላይ ተገጣጠሙ። ቁጭቱን የአገር ጉዳይ አደረገው። ከዚያ የአገሩን ጉዳይ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አደረገው። ሁለት ሳምንት ጸለየ፤ እግዚአብሔር ስላላስቆመኝ ፈቅዷል አለ። ለጋርፊልድ ምንም ጥላቻ የለኝም ይል ነበር፤ እኔ ይህን ሲል የዋሸ አይመስለኝም።

15 ዶላር ተበድሮ ሽጉጥ ገዛ። እጀታው የዝሆን ጥርስ የሆነውን መረጠ፤ ወደፊት ሙዚየም ሲቀመጥ ያምራል ብሎ ነው። ወንዝ ዳር እየሄደ ተለማመደ። አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ሊገድለው ቀርቦ፣ ከወባ ገና ያገገመችው ባለቤቱ ሉክሬሺያ ክንዱን ይዛ ስታልፍ አይቶ ተወው። እሷን ማስደንገጥ አልፈለገም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ግራ እጋባለሁ። ያን ያህል ርኅራኄ ያለው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ያደረገውን አደረገ።

ጁላይ 2 ቀን 1881፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ጋርፊልድ ወደ ተማረበት ኮሌጅ ሊሄድ ከብሌን ጋር ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ገባ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ አብረውት ሊጓዙ ነው። ጊቶ ከኋላ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዷ ክንዱን ጫር አድርጋ አለፈች። ሌላዋ ጀርባው ገባች። ጊቶ ሲያዝ "እኔ ስታልዋርት ነኝ፤ አሁን ፕሬዚዳንቱ አርተር ነው" አለ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ደብዳቤ የፕሬዚዳንቱን ሞት አሳዛኝ ግዴታ ይለዋል፤ ፓርቲውን አንድ ያደርጋል፣ ሪፐብሊኩንም ያድናል ይላል። ሕዝቡ ሳይዘለዝለው ወደ እስር ቤት የሚያደርሰው ጋሪ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። በሊንከን ሞት ጊዜ አልጋው አጠገብ የነበረው ልጁ ሮበርት ሊንከንም በዚያ ቀን የጦር ሚኒስትር ሆኖ እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነበር።

ጥይቷ ብቻ አይደለችም

ጋርፊልድ ወዲያው አልሞተም። ሰማንያ ቀን ገደማ ተሰቃየ። ጥይቷ አከርካሪውን አልፋ ከቆሽቱ አጠገብ ተቀብራ ነበር፤ ዋና የሚባል የአካል ክፍል አልበጣጠሰችም። ሐኪሞቹ ግን በጣቢያው ወለል ላይ እንዳለ ጀምሮ ባልታጠበ ጣትና ባልተቀቀለ መሣሪያ ቁስሉን መፈለግ ያዙ። እንግሊዛዊው ሊስተር ቁስልን ከጀርም ስለመጠበቅ ከጻፈ 14 ዓመት አልፎታል፤ ፊላደልፊያ ድረስ መጥቶም በ1876 አስተምሯል። ዋና ሐኪም ሆኖ ነገሩን የተቆጣጠረው ዊላርድ ብሊስ ግን አልተቀበለውም። ቴሌፎንን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ መጣ። ብሊስ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ስላለ የተፈተሸው ቀኙ ብቻ ነው። አልጋውም የብረት ሞላ ስለነበረው መሣሪያውን አሳሳተው። ጥይቷ የነበረችው በግራ ነው።

ከ90 ኪሎ በላይ የነበረው ሰው ወደ 60 ኪሎ ወረደ። ሰውነቱ መግል በመግል ሆነ። ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩን እያየ እንዲያርፍ ወደ ኒው ጀርሲ ወሰዱት፤ ባቡሩ እስከ ቤቱ ደጃፍ እንዲደርስ ሐዲድ በአንድ ሌሊት ተነጠፈለት። ሴፕቴምበር 19 ማታ አረፈ። 49 ዓመቱ ነበር።

ጊቶም ይህን ይዞ ተከራከረ። የገደሉት ሐኪሞቹ ናቸው፣ እኔ የተኮስኩት ብቻ ነው አለ። በሕክምናው ላይ ያነሳው ነጥብ እውነት አለበት። ከወንጀሉ ግን ነፃ አያወጣውም፤ ቁስሉን የከፈተው እሱ ነው።

ዳኛው የጠየቁት ሌላ ነው

ችሎቱ ከኖቬምበር 1881 እስከ ጃንዋሪ 1882 ቆየ። ዋናው ክርክር እብደቱ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ሐኪም "ታሟል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ የጠየቀው ግን ጠበብ ያለ ነገር ነው። ሲተኩስ የሚያደርገው ምን እንደሆነ፣ ስህተትም መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም። በጣም የታመመ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ "አዎ" ሊል ይችላል።

የመከላከያው ምስክር የነበረ የአእምሮ ሐኪም ጊቶን በሽተኛ ነው አለ። የዐቃቤ ሕጉ ዋና ባለሙያ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ነበር፣ ክፋትና ትዕቢት እንጂ በሽታ አይደለም አለ። ጊቶ ራሱ ነገሩን አባባሰው። ጠበቃው የእህቱ ባል ነው፤ እሱን ይሰድበዋል። ዳኛውን ያቋርጣል። ሕመምተኛ አይደለሁም፣ ግን በዚያች ሰዓት ፈቃዴን እግዚአብሔር ወስዶት ስለነበር በሕግ ዓይን እብድ ነበርኩ ይላል። አርተር ይቅርታ ያደርግልኛል ብሎም ያምን ነበር። ከተራ ሰዎች የተመረጠው የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ለአንድ ሰዓት ያህል ተመካክሮ ጥፋተኛ አለው። ጁን 30 ቀን 1882 ተሰቀለ። መስቀያው መድረክ ላይ ቆሞ የራሱን ግጥም አነበበ።

ዛሬ ብዙ የዘርፉ ሰዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም እንደነበረበት ያምናሉ። እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ግን ሕመም ብቻውን ሰውን ወደ ባቡር ጣቢያ አይወስድም። ሕመሙ ከኦናይዳ የተመረጥኩ ነኝ የሚለውን እምነት አገኘ። ከዋሽንግተን ሹመት የለፋ ሰው ምርኮ ነው የሚለውን ልማድ አገኘ። ከጋዜጦቹ አገር በአንድ ሰው ምክንያት ሊጠፋ ነው የሚለውን ጩኸት አገኘ። "እብድ ነው" ብለን ስንዘጋው እነዚህ ሁሉ ከታሪኩ ይወጣሉ።

በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ግን ይህን አይተውታል። አርተር ጊቶ ስሙን ስለጠራው ለወራት በጥርጣሬ ታየ። ጋርፊልድ በሕይወት እያለ ሥልጣኑን ተረከብ ሲሉት እምቢ አለ። የሞቱን ዜና የሰማው ኒው ዮርክ ቤቱ ሆኖ ነው፤ ሌሊቱን እዚያው ቃለ መሐላ ፈጸመ። ያ ሰው፣ በኮንክሊንግ ጉምሩክ ያደገው፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 1883 በሴናተር ጆርጅ ፔንድልተን ስም የሚጠራውን ሕግ ፈረመ። በሕጉ መሠረት የተወሰኑ የመንግሥት ሥራዎች በፈተና ይሰጣሉ፤ ሠራተኛ ለፓርቲ መዋጮ እንዲከፍል አይገደድም። መጀመሪያ የሸፈነው ከሥራዎቹ አሥር በመቶ ያህሉን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንቶች እያሰፉት ሄዱ።

ጊቶ የለመነው የቆንስልነት ቦታ ግን እዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረም። ቆንስሎች ሰፋ ባለ ሁኔታ በመግቢያ ፈተናና በደረጃ እድገት መሾም የጀመሩት በ1906፣ በቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን ነው። እስከዚያ ድረስ ፓሪስን የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደዚያው ወደ ኋይት ሀውስ ደጅ ነበር።